ከየካ ሚካኤል እስከ ስድስት ኪሎ፤ ስለ አንድ የከተማ ጉብኝት የቀረበ ሒስ

መጻሕፍትና ቴአትሮች ሲመረመሩ አንባቢ ለምዷል፤ የከተማ ጉብኝት ሲመረመር ግን ምናልባት እንግዳ ነገር ይሆንበት ይሆናል። ይሁን እንጂ አስጎብኚ ታሪክ ነጋሪ ነው። የትኛው ቦታ ላይ እንደሚቆም፣ የትኛውን አልፎ እንደሚሄድ፣ ምን ተናግሮ ምን እንደሚተው የሚወስነው እርሱ ነው። መጽሐፍ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው፣ ከሩቅ አገር የመጣም እንግዳ፣ ስለ አዲስ አበባ የሚያውቀውን ሁሉ ከእርሱ አፍ ሰምቶ ይሄዳል። ስለዚህ የጉብኝት ትረካ እንደ ማንኛውም ጽሑፍ ሊመሰገንም ሊነቀፍም ይገባዋል ብለን እናምናለን።

ለዚህ ሒስ መነሻ የሆነን በአንድ ወር በ12ኛው ቀን ከጓደኞቻችን ጋር ሆነን ያደረግነው የግማሽ ቀን ጉብኝት ነው። ጉዞው ከየካ ሚካኤል ተነሥቶ በእንግሊዝ ኤምባሲ አጠገብ ያልፋል፤ ከዚያ ወደ እንጦጦ ወጥቶ በሽሮ ሜዳ ቁልቁል ይወርድና ስድስት ኪሎ ላይ ያበቃል። ማስታወቂያው ታሪካዊ ቦታዎችንና የጦርነቱን ዘመን መታሰቢያዎች በአንድነት እንደሚያሳይ ይገልጻል። አስጎብኚያችን በዕድሜ ከእኛ ብዙም የማይርቅ፣ አንደበቱ የቀና፣ ዓመተ ምሕረቱን ያለ ወረቀት የሚያወርድ ወጣት ነበር። የምንነቅፈው እርሱን ሳይሆን በእጁ የተሰጠውን ትረካ መሆኑን አንባቢ እንዲያስተውልልን አስቀድመን እንለምናለን።

በመጀመሪያ የሚመሰገነውን እንናገር። የየካ ሚካኤል ግቢ በዚያ ቀን በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ወር በገባ በ12 ሚካኤል ነውና። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት እናት የያዝነውን ማስታወሻ ደብተር አይተው፣ «ልጆቼ፣ ለሚካኤል ነው የመጣችሁ ወይስ ለማየት?» ብለው ጠየቁን። «ለማየት ነው፣ እማማ» አልናቸው። «ማየትም ደግ ነው» ብለው መረቁን። አስጎብኚው ከበላይ ባለው ኮረብታ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ ስለተሠራው ስለ ዋሻ ሚካኤል ሲነግረን፣ ትውፊቱ ቦታውን ወደ አብርሃና አጽብሓ ዘመን እንደሚወስደው ገለጸ፤ የሥነ ሕንጻ መርማሪዎች ደግሞ ሥራውን ከዚያ ብዙ መቶ ዓመታት ወደዚህ እንደሚያመጡት አልደበቀም። ሁለቱን ሐሳብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ፍርዱን ለሰሚው ተወ። ይህ የጥሩ ታሪክ ነጋሪ ጠባይ ነው። እንጦጦም ላይ፣ አጼ ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በእንጦጦ ማርያም ዘውድ እንደጫኑ፣ ከተማውም ከብርዳማው ተራራ ወደ ፍልውሃ ሜዳ እንዴት እንደወረደ የሰጠው መግለጫ ግልጽና የተሟላ ነበር።

ጉድለቱ የጀመረው ትረካው ወደ ጦርነቱ ዘመን ሲደርስ ነው። በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር አጠገብ ስናልፍ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ከከተማው ከወጡ በኋላ ዝርፊያና እሳት በተነሣ ጊዜ የብዙ አገር ዜጎች በዚያ በሌጋሲዮኑ ግቢ እንደተጠለሉ፣ የሕንድ ወታደሮችም እንደጠበቋቸው ሰማን። ታሪኩ እውነት ነው። ነገር ግን በዚያው አጥር ሥር የሚያልፈው መንገድ ለብዙ ዘመን በደጃዝማች ፍቅረ ማርያም አባ ተጫን ስም ይጠራ እንደነበር፣ እኒህም አርበኛ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ጠላት የያዘውን አዲስ አበባ ለማስለቀቅ ከዘመቱት መካከል እንደነበሩ አልተነገረንም። የውጭ አገር ሰው የት እንደተጠለለ ሰማን፤ የአገሩ ሰው ምን እንዳደረገ ግን ሳንሰማ አለፍን።

ከሁሉ ይልቅ ያሳሰበን ግን ስድስት ኪሎ ላይ የሆነው ነው። በየካቲት 12 ሐውልት ሥር ቆመን ሳለን ከመካከላችን አንዱ፣ የጎንደር ልጅ የሆነ ጓደኛችን፣ እንዲህ ሲል ጠየቀ። «ወንድሜ፣ በቀድሞ ዘመን ፈላሻ ሲባሉ የኖሩት፣ ራሳቸውን ግን ቤተ እስራኤል የሚሉት ሰዎች በዚህ በጦርነት ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ ነበሩ?» አስጎብኚው በትሕትና መለሰ። «ወንድሜ፣ ያ የጎንደር ታሪክ ነው፤ የቀረውም የእስራኤል ነው። ወለቃ ስትሄዱ ይነገራችኋል።» ጓደኛችን ሌላ ጥያቄ አልጨመረም። የእናቱ ዘመዶች አብዛኞቹ በ1983 ዓ.ም. ከዚህችው ከተማ ተነሥተው የሄዱ መሆናቸውን የነገረን በኋላ፣ ወደ ቤት ስንመለስ ነው።

ይህች አጭር መልስ የአንድ ሰው ስሕተት ብትሆን ኖሮ ባልጻፍንባት ነበር። ነገር ግን የአገራችን ጉብኝት በጠቅላላው የሚከተለውን አከፋፈል በአንድ ቃል ታሳያለች። ጎንደርን የሚጎበኝ ሰው ከከተማው ጥቂት ወጣ ብሎ ወለቃ ላይ ይቆማል፤ የዳዊት ኮከብ ያለበት ሸክላ ይገዛል፤ ፎቶግራፍ ያነሣል፤ ይሄዳል። በዚህ አኳኋን ቤተ እስራኤል በአንድ መንደር ውስጥ የሸክላ ሠሪ ታሪክ ብቻ ሆነው ይቀራሉ። አዲስ አበባ ደግሞ የነገሥታትና የአርበኞች ከተማ ሆና ለብቻዋ ትተረካለች። እኛ የምንለው ግን ይህ አከፋፈል በታሪክ ማስረጃ አይጸናም፤ ይልቁንም ያ የጎበኘነው መንገድ ራሱ ያፈርሰዋል ነው።

መጀመሪያ ማስረጃችን ትምህርት ቤት ነው። በ1910ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በዚሁ በአዲስ አበባ ለቤተ እስራኤል ልጆች ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር። መሥራቹ ዣክ ፋይትሎቪች የተባለ በአውሮፓ የተማረ አይሁዳዊ ምሁር ሲሆን፣ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ አቶ ታምራት አማኑኤል ነበሩ። አቶ ታምራት በአሥመራ በስዊድን ሚሲዮን ካደጉ በኋላ በፓሪስና በፍሎረንስ የተማሩ፣ «ስለ ኢትዮጵያ ደራስያን» የተባለውንም ጥናት የጻፉ ሰው ናቸው። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ያደግን በመሆናችን የእኒህ ሰው መንገድ ልባችንን ይነካዋል፤ በሌላው ቤት ፊደል ቆጥሮ ወደ ወገኑ መመለስ ምን ያህል እንደሚከብድ በመጠኑ እናውቃለንና። በዚያ ትምህርት ቤት ካስተማሩት አንዱ ወለቃ የተወለዱት፣ በኢየሩሳሌምና በአውሮፓ የተማሩት አቶ ዮና ቦጋለ ናቸው። እንግዲህ ወለቃ ራስዋ ልጅዋን ወደ አዲስ አበባ ልካለች፤ አስጎብኚው እኛን ወደ ወለቃ ከመላኩ ብዙ ዘመን በፊት ማለት ነው።

ጠላት ሲገባ ያ ትምህርት ቤት ተዘጋ። ከዚያም የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ደረሰ። ዕለቱ ዓርብ ነበር። የኢጣልያው ንጉሣዊ ቤተሰብ ልጅ ስለ ወለደ ግራዚያኒ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ለድኾች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ሰው ሰበሰበ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት፤ ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ከተማው ታረደ። አስጎብኚያችን ይህን በሚገባ ተረከ። ስለ ሟቾቹ ብዛት ግን «30 ሺህ» ብሎ ብቻ አለፈ። ይህ ቁጥር ከነጻነት በኋላ የኢትዮጵያ መንግሥት ያቀረበው ነው። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ማስረጃዎችን መርምሮ ወደ 19 ሺህ ገምቷል። ስለ ዋሻ ሚካኤል ሁለት ሐሳብ የነገረን ሰው ስለ ሰማዕታቱ አንዱን ብቻ መናገሩ ለምንድር ነው? ሁለተኛውን ቁጥር መጥቀስ የግፉን ክብደት አያቀልም፤ ከአንድ ከተማ ሕዝብ በሦስት ቀን ይህን ያህል ሰው መገደሉን በማስረጃ ያጸናዋል እንጂ።

ከዚያ ጭፍጨፋ በኋላ ጠላት ይልቁን የፈለገው የተማረውን ወጣት ነበር። ቋንቋ የሚያውቅ፣ ውጭ አገር የተማረ፣ ጽሑፍ የሚጽፍ ሁሉ ተጠረጠረ፤ ብዙው ተገደለ፣ ብዙውም ታሰረ። አቶ ታምራት በዚያው በ1929 ዓ.ም. ከአገር ወጥተው በስደት ቆዩ፤ የተመለሱትም ከነጻነት ጋር ነው። ስለዚህ በየካቲት 12 ሐውልት ሥር የቤተ እስራኤልን ነገር መጠየቅ ከቦታው ውጭ የሆነ ጥያቄ አይደለም። ቦታው ያው ነው፤ ዘመኑም ያው ነው፤ አሳዳጁም ያው ነው።

አሳዳጁ ያው መሆኑን የሚያረጋግጥ ሁለተኛ ማስረጃ አለን፤ እርሱም ሕግ ነው። ከየካቲት 12 ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1929 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1937) የኢጣልያ መንግሥት አንድ አዋጅ አወጣ። አንድ ኢጣልያዊ ከቅኝ ግዛት ተገዢ ጋር እንደ ባልና ሚስት ቢኖር ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እንዲታሰር የሚያዝ ነው። ኅዳር 8 ቀን 1931 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1938) ደግሞ ሌላ አዋጅ ወጣ፤ ይህም «አርያዊ» የተባለው ኢጣልያዊ ከሌላ ዘር ጋር እንዳይጋባ ከለከለ፣ አይሁዶችንም ከመንግሥት ሥራና ከጦር ሠራዊት አስወጣ። የሁለቱን አዋጆች ቅደም ተከተል አንባቢ ያስተውል። የዘር ሕጉ መጀመሪያ የተሞከረው በእኛ ላይ ነው፤ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ በኋላ በኢጣልያ አይሁዶች ላይ ዞረ።

በዚህ መካከል አንድ ሰው ሊታወስ ይገባዋል። ጠላት አዲስ አበባን እንደያዘ የኢጣልያ አይሁድ ማኅበረሰቦች ኅብረት ካርሎ አልቤርቶ ቪቴርቦ የተባለ ጠበቃ ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር፤ ተልእኮው በአዲስ አበባ ያሉትን አይሁዶች እንዲያደራጅ፣ የቤተ እስራኤልንም ሁኔታ እንዲመረምር ነበር። ቪቴርቦ የመጣው በድል አድራጊው መንግሥት ፈቃድ፣ እንደ ታማኝ ዜጋ ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ ያው መንግሥት እርሱንና ወገኖቹን በሕግ ከዜግነት ክብር አወጣቸው። ሰውን በዘር የሚከፍል ሥርዓት ዛሬ ያቀፈውን ነገ እንደሚጥል ከዚህ የሚበልጥ ምን ትምህርት አለ? ይህን ለመናገር ደግሞ ከአዲስ አበባ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ሦስተኛው ማስረጃችን እንጦጦ ላይ ነው። አስጎብኚያችን እንጦጦን በአጼ ምኒልክ ጀምሮ በባሕር ዛፍ ጨረሰው። ነገር ግን ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ ከአምስት ዓመት ስደት በኋላ ወደ ከተማቸው የገቡት በዚሁ በእንጦጦ ነው፤ ወደ ታች ከመውረዳቸው በፊት በእንጦጦ ማርያም ቆመው ጸልየዋል። ስደታቸውም የተጀመረው በኢየሩሳሌም ነበር፤ በ1928 ዓ.ም. ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ሐይፋ፣ ከሐይፋም ወደ ኢየሩሳሌም መሄዳቸው ይታወቃል። ከጎጃም ጀምሮ ከአርበኞች ጋር አብሮ የመጣው የእንግሊዛዊው የዊንጌት ጦር የጌዴዎን ጦር ተባለ፤ ስሙ የተወሰደው በሚሲዮን ትምህርት ቤት በቃል ካጠናነው ከመጽሐፈ መሳፍንት ነው፤ በጥቂት ሰው ብዙ ሠራዊት ያሸነፈው ጌዴዎን። የዊንጌት ጸሐፊ ሆኖ ከእርሱ ጋር የዘመተው አብርሃም አካቪያም ከሐይፋ የመጣ አይሁዳዊ ነበር። በከተማችን በዊንጌት ስም የተጠራውን ትምህርት ቤት ሁሉም ያውቃል፤ ስሙን ያመጣው መንገድ ግን በእንጦጦ በኩል መሆኑን አንድም ጎብኚ ሳይሰማ ይወርዳል።

አራተኛውና የመጨረሻው ማስረጃ የሌላ ጦርነት ነው። በ1982 እና በ1983 ዓ.ም. በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤል ከጎንደር ወጥተው አዲስ አበባ ገቡ፤ በኪራይ ቤት ተጠግተው ጉዟቸውን ይጠብቁ ነበር። የኢሕአዴግ ጦር ወደ ከተማው ሲቃረብ፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከሦስት ቀን በኋላ ግንቦት 20 ሆነ። ይህ ሁሉ የሆነው በአዲስ አበባ ነው። የተለያዩት ጎረቤቶች አዲስ አበቤዎች ናቸው፤ ቤቱን ያከራየው፣ የቀረውን ዕቃ የተረከበው፣ «ደኅና ግቡ» ያለው የዚህ ከተማ ሰው ነው። ታዲያ ይህ በምን ሚዛን «የእስራኤል ታሪክ» ብቻ ይባላል?

ይህን ስንል በሌላ ወገን ሊመጣ የሚችለውን ስሕተትም መጠንቀቅ ይገባል። አንደኛ፣ በአውሮፓ ስድስት ሚሊዮን አይሁዶች ያለቁበትን ዕልቂትና የየካቲት 12ን ጭፍጨፋ አንድ ናቸው ማለት ሁለቱንም ማደብዘዝ ነው፤ የምንለው የዘር ሕጉ አውጪ አንድ መሆኑን እንጂ የመከራው መጠን አንድ መሆኑን አይደለም። ሁለተኛ፣ የንግሥተ ሳባንና የሰሎሞንን ትውፊት ወይም በየቤተ መንግሥቱ በር ያለውን የይሁዳ አንበሳ እያሳዩ «ይህ የአይሁድ ታሪክ ነው» ማለት እንግዳን ደስ ያሰኝ ይሆናል እንጂ ታሪክ አይሆንም። ሦስተኛ፣ የግማሽ ቀን ጉብኝት ሁሉን ሊይዝ አይችልም። አስጎብኚው ይህን ቢመልስልን እውነት አለው። እኛ ግን የጠየቅነው አዲስ ፌርማታ እንዲጨመር አይደለም፤ በነባሮቹ ፌርማታዎች ላይ የተተወው እንዲነገር ነው።

ስለዚህ የሚከተለውን ሐሳብ እናቀርባለን። የካ ሚካኤል ላይ፣ ይህ በየወሩ በ12 የሚከበረው በዓል በየካቲት 1929 ዓ.ም. በምን ቀን ላይ እንደዋለ ይነገር። በእንግሊዝ ኤምባሲ አጥር ሥር የአባ ተጫን ስም ይጠራ። እንጦጦ ማርያም ላይ ከ1882 ቀጥሎ 1933 ይነገር፤ ከነጌዴዎን ጦሩ። ስድስት ኪሎ ላይ ሁለቱም ቁጥሮች ይቀመጡ፤ ከቁጥሮቹም ጋር ስሞች ይጨመሩ፤ ከስሞቹም መካከል የታምራት አማኑኤል ይኑርበት። በበርሊንና በሌሎችም የአውሮፓ ከተሞች ጉንተር ዴምኒሽ የተባለው የኪነ ጥበብ ሰው ተጨፍጭፈው ያለቁ ሰዎችን ስም በትንሽ የናስ ሰሌዳ ላይ እየቀረጸ በኖሩበት ቤት ደጃፍ ላይ ያኖራል፤ መንገደኛው ጎንበስ ብሎ ያነባል። እኛ ናስ ባይኖረን አንደበት አለን፤ የአንድ ሰው ስም ለመጥራት ገንዘብ አያስፈልግም።

በመጨረሻም ወቀሳው ለአስጎብኚው ብቻ እንዳይቀር ራሳችንንም እንውቀስ። በዩኒቨርሲቲው ግቢ፣ በገነተ ልዑል ፊት ለፊት፣ ፋሽስቶች ለአገዛዛቸው ዘመን በየዓመቱ አንድ አንድ እርከን ብለው ያቆሙት የሲሚንቶ ደረጃ አለ፤ በጫፉ ላይ ከነጻነት በኋላ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ ተቀምጦበታል። ስንቶቻችን በአጠገቡ እያለፍን ወደ ቤተ መጻሕፍት ገብተን ወጥተናል? ያን ቀን ጓደኛችን ጥያቄውን ያቀረበው ለአስጎብኚው ነው፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ግን ከእኛ ከአብሮ ተማሪዎቹ አንዳችን እንኳ የእናቱን ወገኖች አንሥተን ጠይቀነው አናውቅም ነበር። የየካ ሚካኤሏ እናት «ማየትም ደግ ነው» ብለው ነበር። እውነት ነው፤ ካየን።